ፒንፖይንተር ለጣና ዳር፦ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይሻላል?

ባለፈው ጥር የሠርግ ፎቶ ለመነሣት ወደ ሐይቁ ዳር ከወረዱ ሙሽሮች የአንዱ ቀለበት ከጣቱ ሾልኮ በውኃው ጠርዝ ካለው የጥቁር ድንጋይ ክምር መካከል ገባ። ተጠርቼ ስደርስ ትልቁ የብረት መፈለጊያዬ ወዲያውኑ ጮኸ፤ ነገር ግን የጮኸበት ስፍራ የምጣድ ግማሽ ያህል ስፋት ነበረው፤ በውስጡም ሦስት ቆርኪና አንድ የዛገ ሚስማር ነበሩ። አንድ ድንጋይ ባነሣን ቁጥር ጠጠሩ ይናዳል፤ ቀለበቱም አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሥራውን የጨረሰው ስንዝር የሚያህለው፣ በእጅ ተይዞ ብረት ያለበትን ነጥብ የሚጠቁመው ትንሹ መሣሪያ፣ ፒንፖይንተር ነው። ጫፉን በሁለት ድንጋዮች መካከል አስገብቼ ቀስ እያልኩ ሳዞረው ንዝረቱ በግራ በኩል እየበረታ መጣ፤ ንዝረቱን ተከትዬ ጠጠሩን ስዘግን ቀለበቱ አብሮ መዳፌ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን መሣሪያ መግዛት የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ ያያል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ለምርጫ ብዙም የሚረዳ አይመስለኝም። ፒንፖይንተር የሳንቲም መጠን ያለውን ነገር የሚያውቀው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ብቻ ነው፤ የታወቁት ሞዴሎችም በዚህ ረገድ የሚበላለጡት በጣት ውፍረት ነው። የተሠራው ትልቁ መፈለጊያ ባመለከተው ጉድጓድ ወይም በወጣው የአፈር ጓል ውስጥ ብረቱ የት እንዳለ ለይቶ ለማሳየት እንጂ ራሱን ችሎ ሜዳ ለማሰስ አይደለም። በእኛ አካባቢ ከጥልቀቱ ይልቅ ገዢውን ሊያሳስበው የሚገባው መጀመሪያ የመሬቱ ጠባይ ነው፤ ውኃውና ባትሪው ከዚያ ይከተላሉ።

ከጣና በስተደቡብ ያለው መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በረጋ ባዛልት የተሸፈነ ነው፤ ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ገደልም ይኸው ድንጋይ ነው። ባዛልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን በውስጡ ስላለ፣ ከእርሱ የተፈጠረው ቀይ አፈርም ሆነ መረሬው ይህንኑ ጠባይ በተለያየ መጠን ይወርሳል። አብዛኞቹ ፒንፖይንተሮች ያለማቋረጥ በሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ ከረንት መግነጢሳዊ መስክ ፈጥረው የመስኩን መዛባት የሚያዳምጡ ናቸው፤ ስለዚህ ጫፋቸው ማግኔታይት የበዛበትን ጥቁር ድንጋይ ሲነካ ምንም የወደቀ ብረት ሳይኖር ይጮኻሉ። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ድንጋይ ሲያሳድድ ይውላል። እኔም ውያለሁ።

ሁለተኛው ዐይነት በተለምዶ «ፐልስ» የሚባለው ነው። ይህ መስኩን ለአጭር ቅጽበት ፈጥሮ ያቋርጥና፣ ከተቋረጠ በኋላ በብረቱ ውስጥ እየከሰመ ያለውን ከረንት ያዳምጣል። የማግኔታይቱ ምላሽ አብዛኛው ከመስኩ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ ፐልሱ በጥቁር ድንጋይ መካከል ከሌላው ይልቅ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ይሁን እንጂ ከዚሁ አሠራር የሚመጣ ድካም አለበት። በቀጭን የወርቅ ሐብልና በትናንሽ የጆሮ ጌጦች ውስጥ የሚፈጠረው ከረንት በጣም ፈጥኖ ስለሚከስም፣ ፐልሱ ማዳመጥ ሲጀምር የሚሰማ ነገር ላይቀር ይችላል። ወፍራም ቀለበት ብዙ አያስቸግረውም፤ እንደ ክር የቀጠነ ሐብል ግን ያስቸግረዋል። የጠፉ ጌጦችን ለመፈለግ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ከዋጋው በፊት ሊያስብበት ይገባል።

በመጀመሪያው ዐይነት ውስጥ ብዙ ጊዜ ለምርጫ ጎን ለጎን የሚቀርቡት ጋሬት ፕሮ-ፖይንተር ኤቲ እና ማይንላብ ፕሮ-ፋይንድ 35 ናቸው። ሁለቱም ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም በድምፅና በንዝረት ይናገራሉ፤ ሁለቱም መብራት አላቸው። በብርቱካንማ ቀለሙ ምክንያት በፈላጊዎች ዘንድ «ካሮት» የሚባለው ጋሬት እስከ 6 ሜትር ውኃ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ሲሠራ፣ ማይንላብ እስከ 3 ሜትር ነው። ጋሬት ሦስት የስሜት ደረጃዎች (ደካማ ምልክትን ምን ያህል እንደሚሰማ የሚወስኑ) አሉት፤ ማይንላብ አምስት አለው። ወረቀት ላይ አምስቱ የተሻለ ይመስላል፤ በእኔ ልምድ ግን በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚያገለግለው የደረጃው ብዛት ሳይሆን መሣሪያውን በፍጥነት እንደገና ማስተካከል መቻሉ ነው። ሁለቱም ይህን ይችላሉ። ጫፉን ድንጋዩን አስነክቶ ቁልፉን ሲጫኑት መሣሪያው የድንጋዩን ምላሽ እንደ ባዶ ቆጥሮ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጮኸው ከድንጋዩ የበረታ ነገር ሲያገኝ ነው። በተቃራኒው ጫፉ ብረቱ አጠገብ ሳለ ቁልፉ ከተነካ መሣሪያው ብረቱንም ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ «ጮኾ ነበር፣ አሁን ጠፋ» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ማይንላብ 35 ጋሬት የሌለው አንድ ችሎታ አለው፤ እንደ ሚስማር ማግኔት ለሚስበው ብረትና እንደ ወርቅና ብር ላለው ለማይስበው የተለያየ ድምፅ ይሰጣል። በበዓል ሰሞን ሰው በሚበዛበት የሐይቅ ዳር ሣር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ምክንያቱም እዚያ ከሚገኘው ብረት እጅግ የሚበዛው ቆርኪ፣ የድንኳን ካስማና ሚስማር ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይታመንም። ቆርኪ ማግኔት የሚስበው ብረት ቢሆንም ጠፍጣፋ ስለሆነ አልፎ አልፎ የወርቅ ወይም የብር ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ ድምፁ መቆፈር ወይም መተው የሚወስን ዳኛ ሳይሆን ከየት መጀመር እንደሚሻል የሚጠቁም ረዳት ነው ብል ይሻለኛል። ጭቃና ውኃ ለሚበዛበት ሥራ ጋሬትን፣ ቆሻሻ ብረት ለሚበዛበት ደረቅ መሬት ማይንላብን እመርጣለሁ።

ከፐልሶቹ መካከል ኖክታ ፐልስዳይቭ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት የሚችል ነው። የጣና ጥልቁ ስፍራ 15 ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ ይህ ቁጥር ለእኛ ከሚያስፈልገው እጅግ ያለፈ ነው፤ ቢሆንም ለጥልቅ ውኃ የታሰበ አካል ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሰው የመተማመኛ ትርፍ ይሰጣል። ጫፉ ተነቅሎ ሰፊ ኮይል (መስኩን የሚፈጥር የሽቦ ጥቅል) ስለሚገጠምለት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንደ ትንሽ መፈለጊያም ያገለግላል። ፊሸር ኤፍ-ፐልስም ያው ፐልስ ሆኖ፣ የሚችለው ግን 1.8 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ ያ ይበቃል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ በሁለት ተራ የደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ የትም ሱቅ ምግቡ አይጠፋም።

ኤክስፒ ኤምአይ-6 ለብቻው ቢገዛም ይሠራል፤ እስከ 6 ሜትርም ውኃ ይችላል። ሙሉ ጥቅሙ ግን የሚታየው የዚሁ ኩባንያ ዴውስ መፈለጊያ ላለው ሰው ነው፤ ያለ ገመድ ተገናኝቶ ድምፁን በአንዱ ማዳመጫ ያሰማዋል። ዴውስ የሌለው ሰው ለዚህ ግንኙነት ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ባትሪ ትንሽ ላክል። ፐልስዳይቭና ኤምአይ-6 በውስጣቸው ባለ ቻርጅ ባትሪ ይሠራሉ፤ ፓወር ባንክ የሚይዝ ሰው በዚህ አይቸገርም። ለአንድ ቀን ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ሰው ግን መሣሪያው እኩለ ቀን ላይ ቢጠፋበት ቻርጅ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ መለዋወጫ ባትሪ ከኪስ ማውጣት ይቀለዋል። ባለ 9 ቮልቷን ባትሪ በከተማ ውስጥ ባሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን አልካላይን መሆኗን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። በርካሾቹ ባትሪዎች ኃይል ሲደክም ፒንፖይንተር ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት ያለ ምክንያት መጮኽ ሊጀምር ስለሚችል ጥፋቱ የመሣሪያው ይመስላል።

ውኃን በተመለከተ የሐይቁ መጠን በወቅት እንደሚለያይ መዘንጋት የለበትም። ጣና ከክረምቱ በኋላ በመስከረም አካባቢ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ መባቻ ደግሞ በውኃ ተሸፍኖ የነበረው ጠርዝ ይጋለጣል። በመስከረም በውኃ ውስጥ የወደቀ ነገር በግንቦት እርጥብ ጭቃ ላይ ሊፈለግ ስለሚችል ጊዜ የማያስቸኩለው ሰው ጠላቂ መሣሪያ ሳይገዛ መጠበቅ ይችላል። አሁኑኑ የሚገባ ካለ ግን ውኃው ደፍራሽ ስለሆነ ከዐይን ይልቅ በንዝረት መመራቱ አይቀርም፤ ንዝረት የሌለው ሞዴል ለዚህ ሥራ አይረባም። ቢልሃርዚያ በሐይቁ ዳርቻ ስላለ ባዶ እግርን ማስገባት አይገባም፤ ረጅም ቦቲ ማድረግ የግድ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ መኖሩንም አብሮ ማሰብ ይበጃል።

ከሐይቁ ርቆ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሁሉ ይቀልላል። አንድ የጣውላ ቤት ባለቤት የድሮ ቤት እንጨት ከመሰንጠቁ በፊት በውስጡ የቀሩትን ሚስማሮች ለማግኘት ፒንፖይንተር ገዝቶ ይጠቀማል፤ የመጋዝ ምላጭ አንድ ጊዜ ሚስማር ቢነካ የሚደርሰው ጉዳት ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር እንደሆነ ነግሮኛል። እንጨት ማግኔታይት የለበትም፤ ሥራውም ከጣሪያ በታች ስለሆነ ፐልስም ጠላቂም አያስፈልገውም። ለእንዲህ ያለ ሰው ጋሬት ፕሮ-ፖይንተር 2 ይበቃዋል፤ ጠብታ ቢነካው ችግር የለም፤ ውኃ ውስጥ ግን አይነከርም። ለጥልቀት ብሎ ከዚህ በላይ የሚከፍል የጣውላ ሠራተኛ ገንዘቡን የሚያወጣው ለማይጠቀምበት ነገር ነው።

ከግዢው በፊት ሁለት ነገሮች ቢጣሩ መልካም ነው። አንደኛው ከውጭ ለሚያዝዝ ሰው ነው፤ መሣሪያው ከመላኩ በፊት የማስገቢያውን ሁኔታ ከጉምሩክ መጠየቅ ኋላ ከመከራከር ያድናል። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመፈለግ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዳለ ጠብቆ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በደሴቶቹና በዘጌ ገዳማት ቅጥር ውስጥ ይህን መሣሪያ ይዞ መገኘት በእኔ እምነት ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው፤ በሌላ ስፍራም የጠፋው ዕቃ ባለቤት ወይም የቦታው ባለቤት ሳይጠራኝ አልሄድም።

ሱቅ ላይ ለሚገዛ ሰው ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሙከራ አለ። ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጭን ቀለበትና አንድ ቆርኪ ይዞ ይሂድ። መሣሪያውን አብርቶ ድንጋዩን ያስነካ፤ ቢጮኽ ቁልፉን ተጭኖ ጸጥ የሚል መሆኑን ይይ፤ ከዚያም ድንጋዩን ሳያነሣ ቀለበቱን ያስጠጋ። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጎኑንም ይሞክር፤ ምክንያቱም በጉድጓድ ውስጥ ብረቱ ብዙ ጊዜ ያለው በጎን ነው። ሻጩ ይህን ሙከራ ከከለከለ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል። የባትሪውን ክዳን ከፍቶ የላስቲኩን ቀለበት ማየትም አይከፋም፤ የተሰነጠቀ ወይም አሸዋ የያዘ ላስቲክ ውኃ ያስገባል፤ ከሐይቅ ከወጡም በኋላ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ልማድ መሆን አለበት።

ስለ ቀለም ጉዳይ ብዙ ሰው ይስቅብኛል። የመጀመሪያው መሣሪያዬ ስሙን የማልጠቅሰው ርካሽ ነበር፤ መልኩም ጥቁር። አንድ ቀን በሐይቁ ጠርዝ መረሬ ላይ አስቀምጬው ድንጋይ ሳነሣ ከዐይኔ ተሰወረ። ጋሬት ለአምስት ደቂቃ ቁልፉ ካልተነካ እየጮኸ ያስታውሳል፤ ያ የእኔው ግን እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረውም። ሰዓት ያህል ከፈለግሁ በኋላ ያገኘሁት በትልቁ መፈለጊያዬ ነው። የአሁኑ ብርቱካንማ ነው፤ በእጄ አንጓም ላይ በክር ታስሯል።