«ባትሪውን የገደልከው አንተ ነህ» አለኝ

ከተመለስን ሁለት ሰዓት አልሞላም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቃሌ ከሻከረ ይቅርታ አድርጉልኝ። ነገ በርዶልኝ ብጽፈው ግን ግማሹን እተወዋለሁ። እናንተ ደግሞ ነገ ያው ዓይነት ጠረጴዛ ፊት ልትቆሙ ትችላላችሁ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት አከራዮችን ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ የሚያብረቀርቁት ተደርድረዋል፤ ለእናንተ የሚመጣው ከጓሮ ነው። ፈገግታው ይቀድማል። ከዚያ «እስከ የት አስባችኋል?» ይመጣል። ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ማስያዣው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ገባሁበት።

ታላቅ እህቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። «ሞተር ካለው ትችያለሽ» ብዬ የጎተጎትኳት እኔ ነኝ። ሐሳባችን ትልቅ አልነበረም። በጋ ነው፣ ቀኑ ረጅም ነው። ሳንቸኩል ከመንደር መንደር እያልን፣ ጥላ ባገኘንበት እያረፍን፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ዞረን መመለስ ብቻ። ስለ ጉልበቷ ለአከራዩ በግልጽ ነገርኩት። «ምንም አያስቡ። እርስዎ ብቻ ይደሰቱ። ይሄ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» አለኝ። የእሷን ብስክሌት ማሳያ አበራልኝ። የባትሪው አምስቱም ሰረዝ ሙሉ ነበር።

80 የሚባለው ቁጥር ለጥ ባለ ሜዳ፣ በዝቅተኛው የሞተር እገዛ፣ ቀለል ያለ ሰው ሲነዳው የሚገኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የራሴን ሒሳብ ሠራሁ። ባትሪው ላይ 36 ቮልት፣ 14 አምፒር ሰዓት ይላል። ሲባዛ 504 ዋት ሰዓት ነው። ቀስ ብለን ከሄድን በኪሎ ሜትር አሥር፣ አሥራ አንድ ዋት ሰዓት ቢበላ ለ45 ይበቃናል አልኩ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ልክ የሚሆነው ግን ለአዲስ ባትሪ ነው። የተመረተበት ዓመት የሚጻፍበት የመለያው ጥግ ተልጦ ነበር። አየሁት። ከሥር በኩል በቀይ ቀለም የተሰመረ ምልክትም አየሁ። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እህቴ ራስ ቁሯን አድርጋ እንደ ልጅ ቸኩላ ቆማ ነበር፣ ደስታዋን ማቋረጥ አልፈለግኩም። ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ሰዓት እውነት ለመናገር ግሩም ነበር። አቧራማው መንገድ ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው። ውሻ ጮኸብን፣ ሕፃናት እጃቸውን አወዛወዙልን። እህቴ ከፊቴ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ይህችን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሁለተኛውን መንደር አልፈን ዳገት ስንጀምር «ኧረ ወደ ሁለት ወረደ!» አለችኝ። ከአምስት ወደ ሁለት፣ በአንድ ዳገት። ሜዳ ላይ ስንደርስ ተመልሶ አራት አለ። ደስ አላት። እኔ ግን ሆዴ ቦጭ አለ። ያረጀ ባትሪ እንዲህ ነው። በርካሽ ማሳያዎች ላይ ያ ሰረዝ የሚቆጥረው ቮልቴጅን እንጂ የቀረውን ጉልበት አይደለም። ሲያርፍ ሙሉ ይመስላል፤ ጭነት ሲያርፍበት ይወድቃል። ያን ጊዜ መመለስ ነበረብን። «ትንሽ እንየው» አልኩ።

17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጠፋ። መሀል ዳገት፣ ቀትር፣ ጥላ የሌለበት ቦታ። 25 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ሞተሩ ሲሞት ምን ማለት እንደሆነ የገፋው ያውቀዋል። የእኔን ሰጠኋትና የእሷን ይዤ መግፋት ጀመርኩ። እሷም ብቻዋን አልሄድም ብላ አብዛኛውን መንገድ አጠገቤ እያነከሰች በእግሯ ሄደች። በአቋራጩ 11 ኪሎ ሜትር ነበር። ለአከራዩ ስደውልለት «እገዛውን ከፍ አድርጋችሁ ስለነዳችሁ ነው፣ ገፍታችሁ አምጡት» ብሎ ዘጋው። መንገድ ላይ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ውሃ ሰጡን። ከዚያ ሁሉ ሰዓት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ። ዓይኔ ላይ የቀረው እሱ ነው።

ሰውየው ቀና ብሎ አላየንም። ባትሪውን በቁልፍ ከፍቶ አወጣና ከጠረጴዛው ጀርባ ላለው ወጣት አቀበለው። ከዚያ «ሙልጭ አድርገህ ጨርሰኸዋል» አለኝ። አንተ። ጠዋት እርስዎ ነበርኩ። «ባትሪ ዜሮ ከገባ ይሞታል። የገደልከው አንተ ነህ። ማስያዣው ለእሱ ይውላል።»

በእርጋታ ለማስረዳት ሞከርኩ። ውስጡ አሥር ተከታታይ የሴል ረድፍ አለ፣ እያንዳንዱ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ወደ 3 ቮልት ገደማ ሲወርድ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ራሱ ያጠፋዋል። የተሠራው ለዚህ ነው። ደህና ባትሪ በአንድ ቀን ጉዞ አይገደልም፣ 17 ኪሎ ሜትር ላይም አይጠፋም አልኩት። ወደ ወጣቱ ዞሮ «ኢንጂነር መጥቶልናል» አለና ሳቀ።

ወጣቱ አልሳቀም። ባትሪውን ገልብጦ ሥሩን እያየ ነበር። «ይሄ እኮ ቀዩ ነው» አለ። «ለምን አወጣኸው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰውየው ልጁን «ሥራህን ሥራ» አለው። አንድም ማብራሪያ አልሰጠንም፣ ፊቱም አልተለወጠም። ከመሳቢያው ወረቀቱን አወጣ። «ባትሪው በጥሩ ሁኔታ ላይ እያለ ተረክቤያለሁ» የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ ወደ ፊርማዬ አወረደውና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛለች። «ጠዋት ስለ እሷ ነግሬህ ነበር» አልኩት። «ጉልበቷን ካመማት ለምን ይዘሃት መጣህ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ያን ያህል ሰው ፊት፣ እሷ እየሰማች፣ መልስ አጣሁ። የሚያንገበግበኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው። ቀዩ ምልክት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጉልበቷን እንደሚያማት ያውቃል። ሁለቱን እያወቀ አገናኛቸው። እኔ ደግሞ ምልክቱን አይቼ ዝም አልኩ። ባትሪው የሚወርድ የሚወጣውን አይቼ ዝም አልኩ። መጨረሻ ላይ ሲሰድባትም ዝም አልኩ። እሷ ናት ተነስታ እጄን ይዛ «በል እንሂድ» ያለችኝ።

ለመከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ባትሪውን አስወጥታችሁ ሥሩን ጭምር ፎቶ አንሱ። የተመረተበት ዓመት ካልተነበበ ሌላ ስጡን በሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዳገት ላይ ሞክሩት፤ ሰረዙ ወርዶ ሜዳ ላይ ተመልሶ ከወጣ አትውሰዱት። ስለ ባትሪው የሚያወራውን መስመር ሳትሞክሩት አትፈርሙ። ሌላ ምክር የለኝም።

ማስያዣውን አላገኘሁም። ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ቀይ ምልክት ያለበት ባትሪ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ቻርጀር ተሰክቶበት ነበር። ነገ ጠዋት አምስቱንም ሰረዝ ያሳያል።