የተክሉ ሽታ ወይስ የተባዩ? አዳኝ ነፍሳት የሚከተሉት የትኛውን ነው?

ክሽክሽ ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ቅጠል ስር ተለጥፋ ጭማቂ ስትመጥ አዳኟ ከሩቅ ሊያያት አይችልም። ስለዚህ በማሽተት ይፈልጋታል፤ ወይ በራሷ ሽታ፣ ወይ የተጠቃው ተክል በሚለቀው።

የተባዩ ሽታ አይዋሽም። ክሽክሽ ስትነከስ ጀርባዋ ላይ ካሉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጠብታ ታወጣለች። ጠብታው ውስጥ ያለው ቤታ ፋርኔሲን የተባለ ኬሚካል ለጎረቤቶቿ «ሽሹ!» ማለት ነው። ጉዱ ግን አዳኟ ባለሰባት ነጥቧ ቀይ ጥንዚዛም ይህንኑ ታሸትታለች። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ኢምንት ስለሆነ ሩቅ አይደርስም።

ተክል ግን ትልቅ ነው። ሲበላ ደግሞ ዝም አይልም። ከሚለቃቸው ኬሚካሎች አንዱ ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ አንዳንድ የጡንቻ ማሻሻ ቅባቶች ላይ የምናውቀው ያ ሰርሳሪ ሽታ። ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ድክመቱ? መጠቃቱን እንጂ ማን እንዳጠቃው ሁልጊዜ ጥርት አድርጎ አይናገርም።

ለእኔ ከሩቅ ለመጥራት የተክሉ፣ ቅጠሉ ላይ ከደረሱ በኋላ የተባዩ ይሻላል። የዛፍ ቅርፊት ቦርቧሪ ጥንዚዛዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። ወገኖቻቸውን ለመሰብሰብ ሽታ በብዛት ይለቃሉ፤ አዳኞቻቸውም ሳይጋበዙ ከች ይላሉ።

እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ የተባለ የምርምር ተቋም ፋርኔሲን የሚያወጣ ስንዴ ሠርቶ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ክሽክሾቹ ሸሹ። በ2012 እና 2013 እ.ኤ.አ. ማሳ ላይ ሲሞከር ግን ቁጥራቸው አልቀነሰም።