ፍሪሲዮን ኪት ከ8 ወር በኋላ፦ መንቀጥቀጡም ጫፍ ላይ መያዙም የኪቱ ብቻ አልነበረም

መኪናው ኮሮላ 1.6፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ነው። የገባው ኪት የጃፓን ሥሪት፣ ሸራው 212 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ 21 ጥርስ፣ ሸራውን ከሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትና ፔዳሉ ሲረገጥ ከሚያስለቅቀው ኩሽኔታ ጋር ነው። 8 ወር፣ 11,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶበታል። አብዛኛው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው፤ መርካቶ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ኪቶ፣ አልፎ አልፎም የጅሬን ዳገትና የአጋሮ መንገድ። ባጃጅ በየሃምሳ ሜትሩ በሚያስቆምበት ከተማ ፍሪሲዮን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በተረገጠበት ብዛት ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላ ይለወጣል።

ፍርዴን ላስቀድም፤ ኪቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኪት እንዲቀየር ያደረጉት ሁለት ችግሮች፣ ማለትም ሲነሳ መንቀጥቀጡና ፔዳሉ ሲለቀቅ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ብቻ መያዙ፣ ሁለቱም በኪት ብቻ የሚድኑ አልነበሩም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አብረው ስለሚመጡ ብቻ «ሸራው አልቋል» ተብሎ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል።

ከላይ መያዙን መጀመሪያ በግምት ሳይሆን በማስመሪያ ተመልከቱት። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አስነሱ። ፍሪሲዮን ሳትረግጡ የኋላ ማርሹን ጥርሱ መንጫጫት እስኪጀምር ድረስ ብቻ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት። ከዚያ ፔዳሉን በጥቂት በጥቂቱ ርገጡ። ጫጫታው ጸጥ ያለበት ቦታ ፍሪሲዮኑ የለቀቀበት ነው። ከዚህ ነጥብ አንስቶ ፔዳሉ እስከሚቆምበት ያለው ርቀት በቶዮታ መመዘኛ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ ኪት በገባ ሰሞን 36 ነበር፤ ዛሬ 39 ነው። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር መያዣው ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። በ8 ወር 3 ሚሊ ሜትር የሚያስደነግጥ አይደለም።

በኬብል በሚሠሩ ትናንሽ መኪናዎች ሸራው ሲሳሳ መያዣው ቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኬብሉን ማላላት ይበቃል። ኮሮላ ግን በዘይት ነው የሚሠራው። ካምቢዮው ላይ ያለው የታችኛው ፖምፓ የሸራውን መሳሳት በራሱ ስለሚያካክስ፣ ላይ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሸራው ሳይሆን ፔዳሉ ነው። ፔዳሉን በጣት ብቻ ተጫኑት፤ ክብደት ከመምጣቱ በፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ከዚህ ውስጥ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትሩ የላይኛውን ፖምፓ የሚገፋው ዘንግ ልቅነት ነው። አንድ ሰው «ፔዳሉ ወርዷል» ብሎ ያንን ዘንግ አስረዝሞት ከሆነ ልቅነቱ ይጠፋል። ያኔ ፖምፓው ውስጥ ዘይት ወደ ቋቱ የሚመለስባት ቀዳዳ ትዘጋለች፤ ሞተር ሲግል ዘይቱ ይለጠጣል፣ መውጫ ያጣል፣ ፍሪሲዮኑንም ሳይረገጥ ጥቂት ተጭኖ ይይዘዋል። ውጤቱ ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ጫፍ ላይ የሚይዝ፣ ዳገት ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። መኪናው ግሎ ፍሪሲዮኑ ጫፍ ላይ በሚይዝበት ሰዓት የታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ብሎን ሩብ ዙር ፍቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ፔዳሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ የታፈነ ግፊት ነው፤ የፔዳሉን ዘንግ አስተካክሉ፣ የፖምፓውን ጎማ እዩ። ምንም ካልተለወጠ ጉዳዩ ከሸራና ከፕሬዠር ፕሌት ጋር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቋቱ ውስጥ ዶት 3 የፍሬን ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት ጠብ እንዳይል። የፖምፓው ጎማ ያብጥና ያቺኑ ቀዳዳ ይደፍናል።

ወደ መንቀጥቀጡ ስንመጣ፣ ዋናው ጥያቄ መቼ ነው የሚለው ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ብሶ ወደ ፊት ከቀለለ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ሌላ ሰው በእጅ ፍሬን ይዞ ፍሪሲዮኑን ባላንስ ላይ (መያዝ እስኪጀምር) እንዲያደርሰው አድርጉ። ሞተሩ ብድግ ብሎ «ጓ» ካለ የሞተር ሱፖርቶ ጎማው ተቀድዷል። ኮሮላው 4 ሱፖርቶ አለው፤ የፊቱና የኋላው ናቸው ይህን ውዝዋዜ የሚሸከሙት። ከኪት በፊት መታየት የነበረበት እሱ ነው፣ ካምቢዮ ሳይነካ ይቀየራል።

ሲግል የሚብስ ከሆነ ግን ዘይት ወይም ቮላኖ (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) ነው። በካምቢዮና በሞተሩ መጋጠሚያ ሥር ጣታችሁን አስገብታችሁ አሽትቱ። ጥቁርና የሞተር ዘይት ከሆነ የክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት ማገጃ ጎማ) አፍስሷል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ለሁለት ቀን ያስመስላል እንጂ። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ ሁለቱንም ፓራኦሊዮ ለውጡ፤ ዕቃው ርካሽ ነው፣ የሚከብደው ጉልበቱ ነው።

ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ብረቱ በቦታ በቦታው ጠንክሯል፤ አዲስ ሸራ እዚያ ላይ ሲያርፍ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አይበቃም፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ። ሲመለስ ውልግድናው ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ በኮምፓራተር (ባለ ሰዓት መለኪያ) ይለካ። ከዚያ በናፍጣ ማጠብ የለም! ናፍጣ ቅባት ይተዋል፤ በቤንዚንና በንጹሕ ጨርቅ ነው።

ሲገጠም ብዙ አዲስ ኪት የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግራሶ ነው። ለመሃሉ ጥርስ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ይበቃል፤ ሸራውን ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስቴ አመላልሱና የተረፈውን ጥረጉ። የበዛው ሲሽከረከር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ካምቢዮውን ሲያስገቡ ክብደቱ በሸራው መሃል ላይ እንዲንጠለጠል መተው ነው። ለግማሽ ደቂቃ እንኳ ቢሆን መሃሉን ያጣምመዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ኪቱን ያስወቅሳል። ሥሩ ክሪክ ይኑር። የፕሬዠር ፕሌቱን 6 ብሎኖች ደግሞ በመስቀለኛ ጥቂት በጥቂት፣ መጨረሻ በ19 ኒውተን ሜትር። ካምቢዮው ሲወርድ የሚወጣው ዘይት 1.9 ሊትር ያህል ነው።

ኪቱን ስትገዙ ከካርቶኑ ይልቅ ዕቃውን እዩ። የፕሬዠር ፕሌቱ ጣቶች ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ አዲስ ሆኖም ይንቀጠቀጣል። ሸራው ላይ ሪቬቱ ከላይ ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት፤ ያ ግን ያገለገለው መጣያ ልኩ ነው፣ አዲሱ በጣም ይበልጣል። የዚህኛው ጣቶች እኩል ነበሩ።

በክረምት አንድ ነገር ተመለሰ። መኪናው ዝናብ ላይ 4 ቀን ከቆመ በኋላ ጠዋት ሲነሳ ይርገፈገፋል። ሦስት አራት ጊዜ ከተነሳ በኋላ ይጠፋል። ይህ በእርጥበቱ ቮላኖው ላይ የሚቀመጥ ስስ ዝገት ነው፤ በጅማ ሐምሌና ነሐሴ የሚጠበቅ ነው፣ ካምቢዮ አያስወርድም። ከሰዓትም ከቀጠለ ብቻ ከላይ ወደተባለው ተመለሱ።

ኩሽኔታው እስካሁን ድምፅ የለውም፤ ፔዳሉ ግን ከአሮጌው ትንሽ ይከብዳል። ለዚህ ፕሬዠር ፕሌት ጤነኛ ነው፤ በጅሬን ዳገት ላይ ግማሽ ሰዓት ሰልፍ ከያዛችሁ ግን እግራችሁ ይነግራችኋል።