ጉግል ፎርምስ፣ ማይክሮሶፍት ፎርምስ ወይስ ኮቦቱልቦክስ? ለሥራና ለትምህርት የሚሆን ንጽጽር

ሦስቱም በብራውዘር ይከፈታሉ፤ ሦስቱም ጥያቄ አቅርበው መልሱን በሠንጠረዥ ያወጣሉ። ለጥቂት ደቂቃ የሞከራቸው ሰው ልዩነታቸው የመልክ ብቻ ይመስለዋል። እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ፎርሙ ከተላከ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲመርጡ ከአዘጋጁ ምቾት ይልቅ የሚሞላውን ሰው ያስቀድሙ፦ አካውንት አለው? በስልክ ነው በኮምፒውተር የሚሞላው? ሲሞላ ኢንተርኔት ይኖረዋል?

ኢንተርኔት የማያስተማምን ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ኮቦቱልቦክስ ነው። የጉግልና የማይክሮሶፍት ፎርሞች መልስ ለመላክ መስመር ይፈልጋሉ። ኮቦ ግን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫነው ኮቦኮሌክት ነው። ሁለተኛው በብራውዘር የሚሞላ ፎርም ነው፤ ሊንኩን ሲወስዱ ኦንላይንና ኦፍላይን የሚሠራውን አማራጭ ይምረጡ። ፎርሙ ኢንተርኔት ባለበት አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ያለ መስመር ይሞላል፤ መልሶቹ ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጠው መስመር ሲገኝ ይላካሉ። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ያልተላከ መልስ እያለ የብራውዘሩን ዳታ ያጸዳ ሰው መልሶቹንም አብሮ ያጠፋቸዋል፤ መረጃ ሰብሳቢዎችን ከማሰማራትዎ በፊት ይህን አስረግጠው ይንገሯቸው።

ኮቦ ሲጀምሩት ከሌሎቹ ይከብዳል። ትልልቅ መጠይቆች በኤክሴል ፋይል ይዘጋጃሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዓይነቱ፣ የውስጥ ስሙና የሚታየው ጽሑፍ በየዓምዱ ይገባል። መረጃ መሰብሰብ ከተጀመረ በኋላ የውስጥ ስሙን ከቀየሩ የአንዱ ጥያቄ መልስ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ ይገኛል። ሌላው የተለመደ ችግር፦ ያለ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መሙላት የሚፈቅደው ቁልፍ ካልበራ፣ ሊንኩን የከፈተ ሰው ሁሉ መግቢያ ይጠየቃል።

ፈተና ለማረም

ኮቦ ለዚህ አልተሠራም። ነጥብ በቀመር ማስላት ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው። ጉግልና ማይክሮሶፍት ራሳቸው ያርማሉ፤ ምርጫ ከሆነ ሁለቱም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አጭር መልስ ሲሆን ግን፣ በተለይ በአማርኛ፣ ሁለቱም ያደናቅፋሉ። ማረሚያው የሚያወዳድረው ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አይደለም። ትክክለኛው መልስ «ፀሐይ» ተብሎ ከተመዘገበ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ፀ እና ጸ፣ ሐ፣ ሀ እና ኀ ሲቀያየሩ ይህች ባለ ሦስት ፊደል ቃል ብቻዋን በ6 መንገድ ትጻፋለች። ሁሉንም በመልስ ቁልፉ ላይ ይዘርዝሩ፤ ከመልሱ በፊት ወይም በኋላ የሚገባ ሥርዓተ ነጥብና ባዶ ቦታ ስለሚኖር ደግሞ ውጤቱን ወዲያው አይልቀቁ። ጉግል ላይ በቅንብሩ ውስጥ ውጤት ከእጅ ግምገማ በኋላ እንዲለቀቅ የሚያደርገውን ይምረጡ። አንዳንዶች አቋራጭ ብለው የመልስ ማጣሪያውን፣ ማለትም ከተወሰነው መልስ ውጭ ሌላ የማይቀበለውን ቅንብር፣ ይጠቀማሉ። ይህ ለፈተና አይሆንም፤ ተማሪው ትክክለኛውን እስኪያገኝ ድረስ እየሞከረ እንዲገምት በር ይከፍትለታል።

የሒሳብ መምህር ከሆኑ ማይክሮሶፍት ይሻላል፤ ፈተናው ውስጥ ቀመር መጻፊያ አለው። ጉግል ላይ ቀመሩን በምስል ማስገባት ግድ ነው። ጉግል የራሱ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ይህን የሚጨምሩ ተቀጽላዎች (ፎርሙ ላይ የሚጫኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ፣ ግን ከመጫንዎ በፊት አካውንትዎ ላይ የሚጠይቁትን ፈቃድ ያንብቡ። የዓመት መጨረሻን ያህል ከባድ ፈተና ከሆነ ሁለቱንም ይተዉና ሰርቨርና የሚያስተዳድረው ባለሙያ ካለዎት ሙድል የተባለውን የመማሪያና የፈተና ሥርዓት ይመልከቱ።

ምላሽ ሲበዛ፣ ፋይል ሲላክ

ማይክሮሶፍት በነጻ የግል አካውንት አንድ ፎርም ከ200 በላይ ምላሽ አይቀበልም። በሥራ ወይም በትምህርት ቤት አካውንት ይህ አያሳስብም። የግል አካውንት ብቻ ላለው ሰው ግን ጉግልን ለመምረጥ ይኼ ብቻ ይበቃል።

ፋይል የሚያስልኩ ከሆነ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ማይክሮሶፍት ፋይል የሚቀበለው በድርጅት አካውንት ሲሆን፣ የሚሞላውም የዚያው ድርጅት አባል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከውጭ አመልካቾች ሰነድ ለመሰብሰብ አይሆንም። ጉግል ከማንም ይቀበላል፤ ግን የሚልከው ሰው የጉግል አካውንት ሊኖረውና ገብቶ ሊሞላ ይገባል። ቦታውንም ያስሉ፦ 60 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 5 ፎቶዎች ቢልኩ 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። ጉግል ለአንድ ፎርም መጀመሪያ የሚሰጠው ጣሪያ 1 ጊጋባይት ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች መላክ አይችሉም። ጣሪያውን ጥያቄው ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሎቹ ግን ከጂሜይልና ከፎቶ ጋር ከሚጋሩት ከ15ቱ ነጻ ጊጋባይት ላይ ይቀነሳሉ።

ከመላክዎ በፊት

ሊንኩን በኢንኮግኒቶ ገጽ (አካውንትዎ ባልገባበት የብራውዘሩ የግል መስኮት) ይክፈቱት። ያኔ አካውንት የሌለው ሰው የሚያየውን ያያሉ። ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚል ገጽ ከመጣ፣ ፎርሙን የሚያዘጋጁበትን ገጽ አድራሻ ከብራውዘሩ ገልብጠዋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለሚሞሉት ሰዎች የሚሰጠው ሊንክ ከመላኪያው ቁልፍ ላይ የሚወሰደው ነው። ጉግል ላይ የውጤት ማጠቃለያን ለሚሞሉት ሰዎች የሚያሳየው አማራጭ መጥፋቱንም ያረጋግጡ፤ በርቶ ከቀረ አንዱ የጻፈውን አስተያየት ሌላው ያነበዋል።

በመቀጠል ሁለት የሙከራ መልስ ልከው ውጤቱን በሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ በሚያስቀምጥ ፋይል) ያውርዱ። ፋይሉን ሁለቴ ተጭነው በኤክሴል ሲከፍቱት የግዕዝ ፊደሉ ወደ ማይነበብ ምልክት ሊቀየር፣ 00417 የሚለው መለያ ቁጥርም 417 ሊሆን ይችላል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ችግሩ አከፋፈቱ ነው። ባዶ ኤክሴል ከፍተው ከዳታ ክፍሉ በጽሑፍ ወይም በሲኤስቪ ፋይል ማስገባትን ይምረጡ፣ የፊደል ስልቱን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የሚመዘገቡበትን ኮድ) 65001 ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ፣ የመለያ ቁጥሩን ዓምድም ወደ ጽሑፍ ይቀይሩ። ይህ ከበዛብዎት በቀጥታ በኤክሴል ፋይል ያውርዱት፤ ማይክሮሶፍትም ኮቦም ይሰጣሉ፣ ጉግል ላይ ደግሞ መልሶቹ ከሚጠራቀሙበት የጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ማውረድ ይቻላል።