ለመስኮት ጽዳት፦ ማይክሮፋይበር ወይስ የጥጥ ጨርቅ?

ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ከሳባችሁ በኋላ ጠርዝ ላይ የሚቀረውን እርጥበት የሚያነሳው ጨርቅ ነው። አዲስ ጥጥ ለዚህ አይሆንም፤ ብናኙን መስታወቱ ላይ ይተዋል። ደጋግሞ ታጥቦ የሳሳው ግን ሌላ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ቢቀቀልም ግድ የለውም። ለመስኮት ደፍ ጭቃ እሱን እመርጣለሁ።

ማይክሮፋይበር ከፖሊስተርና ከፖሊያማይድ (ናይለን) ሰው ሠራሽ ክሮች የተሠራ ጨርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ 80 በመቶው ፖሊስተር፣ 20 በመቶው ፖሊያማይድ። ቀጫጭን ክሮቹ ቅባትና የጣት አሻራ ያነሳሉ። ለመጨረሻው ውልወላ አቻ የለውም። አስተጣጠብ ላይ ግን ቀበጥ ነው። የልብስ ማለስለሻ ክሮቹን ይሸፍንና ውሃ መምጠጡን ያዳክማል። በረኪናም አይወድም። ከፎጣ ጋር ካጠባችሁት የጥጡን ብናኝ ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ለብቻው እጠቡት፤ አየር ላይ ይድረቅ። ካውያ? በፍጹም! ክሩ ሊቀልጥ ይችላል።