ከ8 ወር በኋላ፦ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው ዕቃና የዘገየው እልልታ

የእናትና አባቴን የሰርግ ካሴት ላፕቶፕ ላይ ገልብጬ ጨርሼ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ስናይ፣ አያቴ ከሙሽሮቹ ጀርባ ብቅ ብላ እጇን ከአፏ አጠገብ አድርጋ እልል ስትል ትታያለች። ድምፅ ግን የለም። አፏን ዘጋች፣ ዞር ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዛ እልልልልል የሚለው መጣ፣ እሱም ማን ላይ፣ ኬክ የሚቆርሰው አባቴ ላይ። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢሆን ነው። ይሄ የምጽፈው በሙሉ ስለዚች ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው፣ ሌላው ሌላው ደህና ነው፣ እሱን አላወራም።

ዕቃዋን ታውቋታላችሁ፣ ፍላሽ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፣ ባንድ ጫፏ ዩኤስቢ፣ በሌላው ቢጫ ነጭ ቀይ መሰኪያ ያለው ጭራ። ዴኩ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻው፣ የሚያወጣውን ምስልና ድምፅ ተቀብላ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች፣ ሥራዋ ይሄው ነው። መርካቶ ነው የገዛኋት። ባለሱቁ ሦስት ካርቶን ደርድሮ "ይሄ ኦርጅናል፣ ይሄ ሁለተኛ፣ ይሄንን እንዳትነካው" አለኝ፣ እኔም ጀግናው ጨምሬ ከፍዬ ኦርጅናሉን ይዤ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሶፍትዌሩ በትንሽዬ ሲዲ ነው የመጣው። ሲዲ! አሁን የማን ላፕቶፕ ነው ሲዲ ማስገቢያ ያለው? ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ሲዲውን ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩ። ካሴት መገልበጫ ዕቃ ለማስነሳት መጀመሪያ ሲዲ ማስገልበጥ፣ ዕቃዋ ሙድ የያዘችብኝ ነው የመሰለኝ። በኋላ ሳጣራ ደግሞ እዛው አንድ ዓይነት ቅርፊት ውስጥ ኤስቲኬ1160 የሚባል ቺፕም፣ ኢኤም2860 የሚባልም፣ ሌላም ሊገባ ይችላል፣ ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ ባለሱቁ ኦርጅናል ያለኝ ካርቶኑን ነበር መሰለኝ።

ልመልስለት ሄጄ ነበር። "ላፕቶፕህ ነው የደከመው" አለኝ፣ ዕቃዋን በእጁ እንኳን ሳይነካ። እኔም አምኜ ተመለስኩ፣ የአጎቴን ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ለምኜ ወስጄ እንደገና ቀዳሁ፣ ያው ነው፣ እንደውም ብሶበት ሦስት ሰከንድ ደረሰ። አሁን ባገኘው እንዲህ ነው የምለው፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፑ አይደለም፣ ስማኝ።

የኛ አገር ካሴት ፓል የሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል። ይሄ ካሴት በ1984 የተቀረጸ ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሻንጣ ውስጥ ከርሞ ክሩ ትንሽ ተለጥጧል፣ ዴኩም እንደኛው አርጅቷል፣ ስለዚህ የሚወጣው ሲግናል አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም ይላል። የድሮው ባለ ቂጥ ቲቪ ይሄን ይችለዋል፣ እየተከተለ ያሳያል፣ ለዛ ነው ቲቪ ላይ ስናየው ምንም የማይታወቀን። ይቺ ዕቃ ግን ሲግናሉ ትንሽ ሲንገዳገድ ፍሬሙን ትጥለዋለች፣ ዝም ብላ፣ ጣልኩ እንኳን ሳትል። ድምፁ ደግሞ ለብቻው በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ይገባል፣ ከሱ ምንም አይጎድልም። እንግዲህ ቁጠሩት፣ በደቂቃ አንድ ፍሬም ብቻ ብትጥል በሰዓት 60 ፍሬም፣ ለ25 ሲካፈል 2.4 ሰከንድ። አያቴ እልል የምትለው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሒሳቡ ቁጭ! ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው የገባኝ፣ በንዴት እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ከዛ አብሯት የመጣውን ሶፍትዌር አጥፍቼ ቨርቹዋልደብ የሚባለውን በነፃ አወረድኩ። መልኩ የድሮ ነው ግን ሥራ ያውቃል፣ ታይሚንግ የሚል ቦታ ገብታችሁ የጎደለ ፍሬም ካለ በቦታው ሌላ እንዲተካ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ ስንት ፍሬም እንደጣለም እየቆጠረ ያሳያችኋል። አንድ የልደት ካሴት በሱ ቀድቼ ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ በታች ወርዷል። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ላፕቶፑ ሞላ አለኝ። 720 በ576 የሆነ ምስል ሳይጨመቅ ሲቀዳ በሰዓት 75 ጊጋ ገደማ ይበላል፣ ሃፍዋይዩቪ በሚባለው ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ መጭመቂያ፣ አድርጌውም እኔ ጋ በሰዓት ወደ 30 ጊጋ ነው፣ የሰርጉ ካሴት ደግሞ ባለ 180 ነው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ሃርድ ዲስክ ገዛሁ ማለት ነው፣ ዋጋው ከዕቃዋ ይበልጣል። ባለሱቁ ይሄንንም አልነገረኝም፣ ቢነግረኝ ሃርድ ዲስኩንም ከሱ እገዛ ነበር፣ ንግድም አይችል።

የአክስቴን ካሴት አልናገርም ብዬ ነበር ግን ልናገር። በ1990 ከዋሽንግተን የላከችው ነው፣ የአሜሪካ ስለሆነ ፓል ሳይሆን ኤንቲኤስሲ የሚባለው የነሱ ዓይነት ነው። ዴካችን ሁለቱንም ያጫውታል፣ ቲቪ ላይ በከለር ነው የሚታየው፣ በዕቃዋ በኩል ሲያልፍ ጥቁርና ነጭ! አንድ ሳምንት ሙሉ ገመድ ስቀያይር ከረምኩ። ለካ እንደኛ ዓይነት ዴክ የአሜሪካውን ካሴት ንጹሕ ኤንቲኤስሲ አድርጎ አይደለም የሚያወጣው፣ ፓል60 የሚሉት ክልስ ነገር ነው፣ ዕቃዋ ደግሞ ወይ ፓል ወይ ኤንቲኤስሲ እንጂ ክልስ አታውቅም። ካሴቱ ላይ አክስቴ የመጀመሪያ በረዶዋን እየረገጠች ነው፣ በረዶ ስለሆነ ብዙም አያስታውቅም ነበር፣ ያ የፎከረችበት ቀይ ጃኬት ግን አመድ መስሎ ቁጭ አለ። በቫይበር ስልክላት "ይሄ የኔ ጃኬት አይደለም" ብላ ተከራከረችኝ።

ግን እማዬ። እልልታው አባቴ ላይ የመጣ ጊዜ እኔ ተነስቼ ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተወው እንጂ አንተ" አለች። "ይሄ እኮ የሷ ድምፅ ነው።" አያቴ ካረፈች 14 ዓመቷ ነው፣ ዴኩም ተበላሽቶ እስካሠራው ድረስ ከዛ በፊት ጀምሮ ካሴቱን ማንም አላየውም። እኔ ዘገየ ብዬ ስበሳጭ እሷ "እናቴ ድሮም ዘግይታ ነው የምትደርሰው፣ ቀለበት አስረን ከጨረስን በኋላ ነው ቤተክርስቲያን የገባችው" ብላ ሳቀች፣ ከዛ መልሰው አለችኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ መለስኩት። እንግዲህ ይሄን ካየሁ በኋላ ስለ ዕቃዋ ምን ብዬ ልፍረድ? ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ሌሊት ሒሳብ ስሠራ ከ5 አንድም አልሰጣትም ነበር፣ ዛሬ 3 ናት፣ የአክስቴ ጃኬት ትዝ ሲለኝ ደግሞ 2።

ትገዛታለህ ወይ ካላችሁ፣ ሁለተኛ አልገዛም። ብሩን ለዴካችሁ አውሉት። በዓለም ላይ የመጨረሻው ዴክ አምራች የጃፓን ኩባንያ በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ማምረት አቁሟል፣ ስለዚህ ዕቃዋ ሞልታለች፣ ዴኩ ነው የሚጠፋው። ሻጋታ ያለው ካሴት አትክተቱበት፣ ነጭ ነጭ ዱቄት ክሩ ጠርዝ ላይ ካያችሁ ተዉት፣ ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ ይደፍነዋል። ሄዱን በጥጥ አትጥረጉ፣ ጥጡ ይይዝና ይሰብረዋል። ካሴቱን ከማጫወታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻ አስኪዳችሁ መልሱት። አንዳንድ የድሮ ዲቪዲ ሪከርደሮች ደግሞ በዴኩና በዕቃዋ መሀል ሲገቡ ሲግናሉን አረጋግተው ነው የሚያሳልፉት፣ እቤቱ አቧራ የለበሰ ያለው ሰው ካለ እኔ እገዛዋለሁ፣ ከምሬ ነው።

11 ካሴት ቀርቶኛል። ትናንት የሰርጉን በቨርቹዋልደብ እንደገና ልቀዳው ብዬ ከፍቼ ወደ ሱቅ ወጣሁ፣ 40ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴኩ የለውም፣ ስመለስ ላፕቶፑ ባዶ ስክሪን በትጋት እየቀዳ ነበር። ካሴቱ እስካሁን ዴኩ ውስጥ ነው።