ካት 5ኢ፣ ካት 6 ወይስ ካት 6ኤ? ለከተማ ዳር ቤት የኔትወርክ ገመድ አመራረጥ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ አዲስ ቤት የገባ ሰው ኢንተርኔት ባስገባ ማግስት የሚገጥመው ችግር ተመሳሳይ ነው። ራውተሩ ሳሎን ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹ ኮምፒውተርና የግቢ በሩ ካሜራ ግን ሌላ ሌላ ቦታ ናቸው። ገመድ ሊገዛ መርካቶ ሲወርድ ሻጩ በቁጥር ያናግረዋል፤ «ካት 6 ከካት 5 ይሻላል፣ ካት 7 ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል» ይለዋል። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት የሽቦው ብረት ምን እንደሆነ እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቁጥሩም ቢሆን የራሱ ትርጉም አለው፤ «ካት» ማለት የገመዱ የደረጃ ምድብ ነው። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ያሳልፋል። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ኢንተርኔት በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ለኮንዶሚኒየም ቤት ይበቃል። ካት 6 በ100 ሜትር ላይ ያው 1 ጊጋቢት ነው፤ ብልጫው እስከ 55 ሜትር በሚደርስ ርቀት 10 ጊጋቢት መሸከም መቻሉ ነው። ካት 6ኤ ይህንኑ 10 ጊጋቢት ሙሉ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ነገር ግን ወፍራምና ደንዳና በመሆኑ በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ጠባብ ቱቦ ማሳለፍ ያስቸግራል።

ስለዚህ ገመዱ ግድግዳው ላይ በግልጽ የሚዘረጋ ከሆነ ካት 5ኢ ይግዙ፤ ነገ መቀየር ቀላል ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ካት 6 ይሁን፤ የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ግድግዳ ሰብሮ፣ መልሶ ለስኖና ቀለም ቀብቶ ከሚወጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ካት 6ኤን የምመክረው ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን በቤት ውስጥ ከማሽን ወደ ማሽን ለሚያመላልስ ባለሙያ ብቻ ነው። ካት 7ን ይተዉት፤ የአሜሪካው የኬብል ደረጃ አይቀበለውም፣ የተሠራውም በየራውተሩ ላይ ከምናየው አርጄ 45 ለተለየ መሰኪያ ነው። ካት 8 እስከ 30 ሜትር ብቻ የሚሠራ የዳታ ማዕከል ገመድ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ፤ ገዢ በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በገበያችን ሁለት ዓይነት ሽቦ ጎን ለጎን ይሸጣል፤ አንደኛው ንጹሕ መዳብ፣ ሁለተኛው በቀጭኑ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም፣ ማለትም ሲሲኤ የሚባለው ነው። ላያቸው አንድ ነው፤ ካርቶናቸው ላይም ሁለቱም ካት 6 ተብሎ ሊጻፍባቸው ይችላል። ሲሲኤ ግን የትኛውንም የካት ደረጃ አያሟላም። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ተቃውሞው ከመዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ጥቂት ጊዜ ሲተጣጠፍም ይሰበራል።

ለመለየት ሻጩን አንድ ጫፍ እንዲገልጥልዎት ይጠይቁና ቀጭኑን ሽቦ በምላጭ ይፋቁት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ ይተዉት። ሙሉ ጥቅል፣ ማለትም 305 ሜትር የሚገዙ ከሆነ ካርቶኑን አንሥተው ይመዝኑ፤ ሲሲኤ በግልጽ ይቀላል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ካሜራ ላይ ነው። ብዙዎቹ የኔትወርክ ካሜራዎች ኃይላቸውንም መረጃቸውንም በዚሁ አንድ ገመድ ያገኛሉ። ሲመሽ የጨለማ መብራታቸው ስለሚበራ ተጨማሪ ኃይል ይስባሉ፤ ሲሲኤ ሽቦ በረጅም ርቀት ላይ ያንን ኃይል በመንገድ ያባክነዋል። ቀን ደህና ሲሠራ የዋለ የበር ካሜራ ማታ ማታ እየጠፋ የሚነሣ ከሆነ፣ ካሜራውን ከመቀየር በፊት ገመዱን ይጠርጥሩ። ቤቱ የሚጠበቀው ሌሊት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

ከቤት ውጭ ለሚዘረጋ ገመድ ሽፋኑም ይለያያል። ግራጫው የቤት ውስጥ ገመድ ሽፋን ፒቪሲ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሚገኙ የፀሐዩ ጨረር ይበረታል፤ ፒቪሲው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የክረምቱም ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ለአጥርና ለቆርቆሮ ጠርዝ የሚሆነው በፖሊኤቲሊን የተሸፈነው ጥቁር የውጭ ገመድ ነው። መሬት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ደግሞ ውስጡ ውኃ የሚከላከል ቅባት ያለው ይመረጣል።

በብረት ፎይል የተጠቀለለውን ገመድ «ጠንካራ ነው» ብለው የሚሸጡ አሉ። ፎይሉ የሚጠቅመው በብረት መሰኪያ በኩል ከምድር መስመር ጋር ሲገናኝ ነው፤ በብዙ ቤቶች ይህ ስለማይደረግ ፎይል የሌለው ተራ ገመድ፣ ማለትም ዩቲፒ ይሻላል። ከመብራት ሽቦ አርቆ ማሳለፍ ይበቃል።

ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ወይም ወደ ጎረቤት ሕንፃ ከሆነ ግን መዳቡን ትተው ፋይበር ያስቡ። በክረምት በአቅራቢያ የሚወርድ መብረቅ በመዳብ ገመድ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ) እና ራውተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በዚህ ምክንያት ለካሜራ ኃይል ስለማይወስድ፣ በወዲያኛው ጫፍ መብራት ሊኖር ይገባል።

ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ሁለቱንም ጫፍ በአንድ የቀለም ቅደም ተከተል፣ በተለምዶው በቢ አደራደር ያሠሩ፤ ለአዳዲስ መሣሪያዎች ክሮስ የሚባለው የተጠላለፈ ገመድ አያስፈልግም። ከዚያ ለስላሹ ግድግዳውን ሳይዘጋ ባለሙያው በመፈተሻ መሣሪያው ስምንቱም ሽቦዎች መገናኘታቸውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ለ1 ጊጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ አራቱ ብቻ ቢደርሱ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም።